የሰላምታ ርቀት

ስለ ካሜራ ሌንስ የሚመካከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ያህል ያቀርባል?» ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባውም፣ ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ ሊያስመጣ ያሰበውም፣ ከጓደኛው ተውሶ ለሠርግ የሚሮጠውም ከዚህ ጥያቄ እምብዛም አይርቁም። በዚህ አስተሳሰብ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ የታላላቆች ሌንስ ነው፤ ቅርቡን ብቻ የሚያሳየው ደግሞ ከካሜራው ጋር ተመርቆ የመጣ፣ ገንዘብ እንደተገኘ የሚቀየር ዕቃ ነው። እኔ ግን ለዕለት ተዕለት ኑሮው ፎቶግራፍ የሚሆን ዙም ሌንስ የሚመርጥ ሰው ሊያስቀድመው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው ባይ ነኝ። ጥያቄውም «ይህ ሌንስ እኔን የት ያቆመኛል?» የሚል ነው። የሌንስ ምርጫ የመቆሚያ ምርጫ ነውና፤ የምንቆምበት ቦታ ደግሞ ከፊታችን ካለው ሰው ጋር የሚኖረንን ነገር ይወስናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ዙም ሌንስ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እናስተውል። የሌንስ አቅም በሚሊሜትር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ትዕይንት ያያል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጠባቡን መርጦ ያገዝፋል። ቀድሞ የፎቶግራፍ ካሜራ ሌንስ በአመዛኙ አንድ ቁጥር ብቻ ነበረው። ፎቶ አንሺው ትዕይንቱን ማስፋት ወይም ማጥበብ ሲሻ ወይ ሌንስ ይቀይራል፣ ወይ በእግሩ ይራመዳል። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ዙም ሌንስ ፍራንክ ባክ የነደፈውና ፎይግትሌንደር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ዙማር» ነው። ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር ይሄድ ነበር። ልብ ብሎ ላየው፣ ይህ የዙሞች ሁሉ ታላቅ ወንድም ሩቅ አሳዳጅ አልነበረም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ወይም በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ለሚገኙ ሰዎች የሚሆን ሌንስ ነበር።

ዙም የማይሠራው ነገር ግን አለ። ቀለበቱን ስናዞር ትዕይንቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል እንጂ፣ የቅርቡና የሩቁ ነገር በመጠን እርስ በርሱ ያለው ዝምድና አይለወጥም። ያንን የሚለውጠው እግራችን ብቻ ነው። አንድ ሰው ቆሟል፤ ከበስተኋላው መቶ ሜትር ርቆ ሕንጻ አለ እንበል። ሰውየውን ከ3 ሜትር ገደማ ብናነሣው ሕንጻው በሩቅነቱ አንሶ ይታያል። ወደ 11 ሜትር አፈግፍገን በረጅም ሌንስ ሰውየውን በዚያው መጠን ብናነሣው ግን ያው ሕንጻ ከሦስት ጊዜ በላይ ገዝፎ ከትከሻው ጀርባ ይገተራል። በገበያ ውስጥ በአምስት በስድስት እርምጃ የተራራቁ ሰዎች በፎቶግራፍ ላይ ተደራርበው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌንሱ አልዋሸም፤ ከዚያ ርቀት ላይ ገበያው እንዲያ ነው። በገበያው መካከል የሚገበያይ ሰው የሚያውቀው ገበያ ግን ያ አይደለም።

እስቲ ጥቂት ስሌት እንሥራ። ሴንሰሩ እንደ ጥንቱ ፊልም 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ካሜራ ይዘን፣ አንድን ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው፣ ከላይና ከታች ጥቂት ክፍት ቦታ ትተን፣ ካሜራውን በቁመቱ ይዘን ልናነሣው ፈለግን እንበል። በ24 ሚሊሜትር ብናነሣው 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ርቀን እንቆማለን። በ50 ሚሊሜትር 2 ሜትር ከ80 ያህል፣ በ70 ሚሊሜትር ወደ 4 ሜትር፣ በ105 ሚሊሜትር ወደ 6 ሜትር እንርቃለን። በ200 ሚሊሜትር 11 ሜትር፣ በ300 ሚሊሜትር ደግሞ ከ16 ሜትር በላይ ማፈግፈግ አለብን።

እነዚህን ቁጥሮች ከሰው ወግ ጋር እናስተያያቸው። በ3 ወይም በ4 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሰው ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ «እንደምን ዋሉ?» ልንለው እንችላለን፤ እርሱም ሊመልስልን ይችላል። በ6 ሜትር ላይ ያለው ቢያንስ ዓይናችንን ያያል፤ በጥቅሻም በራስ ንቅናቄም ፈቃዱን ይሰጠናል፣ ወይም ይነሣናል። በ11 ሜትር ላይ ያለውን ግን መጣራት ይኖርብናል። በ16 ሜትር ላይ ያለው ሌንስ እንደተደገነበት እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከዚህ ተነሥቼ ለዕለት ተዕለት ፎቶግራፍ የሚሆነውን ስፍራ የሰላምታ ርቀት ብዬዋለሁ። ሰላምታ በማይደርስበት ርቀት ቆሞ የሰው ፊት የሚያነሣ ሰው ከሰውየው አንድ ነገር ያገኛል፤ የሚሰጠው ነገር ግን የለም።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው አለው። እንግሊዞች ፎቶግራፍን «ወሰድኩ» ይላሉ፤ እኛ «አነሣሁ» እንላለን። ከዚህም የሚበልጠው ተነሺው ስለ ራሱ የሚናገርበት መንገድ ነው። የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ጠጉሩን ተበጥሮ ወደ ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው «ፎቶ ልነሣ ነው» ይላል። ግሡ የእርሱ ነው፤ አድራጊውም እርሱ ነው። ተዘጋጅቶ፣ ቀና ብሎ፣ ሌንሱን ፊት ለፊት አይቶ ይነሣል። በየቤቱ ግድግዳና በየአልበሙ የቀሩት የድሮ ፎቶግራፎች ክብር የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፤ ተነሺዎቹ እንደሚነሡ ያውቁ ነበር። በመንገድ ዳር ተቀምጣ በቆሎ የምትጠብስን እናት ከመንገዱ ማዶ በ300 ሚሊሜትር ስቦ ያነሣት ሰው «አነሣኋት» ቢል ቃሉ ይቃወመዋል። እርሷ አልተነሣችም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ካሜራ ሲያይ ይለወጣል፤ ፊቱን ያስተካክላል፤ እውነተኛው መልክ ያለው ሳያውቅ በተነሣው ላይ ነው የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ማስረጃ አያጣም። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ በካሜራው ጎን ሐሰተኛ ሌንስ ገጥሞ፣ ሰዎች ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያነሣ እየመሰላቸው አንሥቷቸዋል። ዕውርነቷን የሚናገር ጽሑፍ በአንገቷ ያንጠለጠለችው ሴት ፎቶግራፍ የዚያ ዓመት ሥራው ነው፤ በፎቶግራፍ ታሪክም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዎከር ኤቫንስም እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 ካሜራውን በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ የኒው ዮርክን የምድር ባቡር ተሳፋሪዎች አንሥቷል። ፎቶግራፎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት በ1966 ነው። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው፤ ሥራቸውም ታላቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከእነርሱ የምንማረው ረጅም ሌንስ መግዛትን አይመስለኝም። ኤቫንስ ከተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ በዚያው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስትራንድም በዚያው ጎዳና ላይ ቆሞ። ካሜራቸውን ቢደብቁም የሰውን ቅርበት አልሸሹም፤ ሥዕሎቹም ኃይላቸውን ያገኙት ከቅርበቱ ነው። ከዚህ ሌላ በእነርሱና በእኛ መካከል ልዩነት አለ። እነርሱ ያነሧቸው ዳግመኛ የማያገኟቸውን ሰዎች ነበር። የዕለት ተዕለት ፎቶ አንሺ የሚያነሣው ግን ነገም የሚያገኘውን ሰው ነው፤ ጎረቤቱን፣ ባለሱቁን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ የልጁን ጓደኛ። በድብቅ ያነሣውን ሰው ነገ በሩ ላይ ሲያገኘው ምን ይለዋል? «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ነገ ፎቶግራፉን አሳትሞ ሊሰጣቸው ይችላል። እምቢ ካሉትም ያጣው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ጎረቤቱን አላጣም። ሲጠየቅ የተስተካከለውም ፊት ቢሆን ጥቂት ሲጫወቱ ይፈታል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለሌንስም ይሠራል።

ከመንገዱ ወደ ቤት እንግባ፤ የዕለት ኑሮ ትልቁ ክፍል ያለው በዚያ ነውና። ቡና በሚፈላበት፣ ጎንና ጎኑ አራት አራት ሜትር ተኩል በሆነ ሳሎን ውስጥ ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን ብንቆም፣ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች 3 ሜትር ያህል ይርቁናል። በዚያ ርቀት ካሜራውን በአግድሙ ብንይዝ 24 ሚሊሜትር ሌንስ 4 ሜትር ተኩል ስፋት ያያል፤ 28 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያየው 3 ሜትር ከ85 ሳንቲም ያህል ነው። አራት ሚሊሜትር በወረቀት ላይ ከምንም አትቆጠርም። በሳሎኑ ውስጥ ግን ወደ 65 ሳንቲሜትር ትሆናለች፤ የአንድ ሰው መቀመጫ ማለት ነው። ከዳር የተቀመጡት አያት ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ ይቀራሉ። 70 ሚሊሜትር ላይ የሚጀምር ሌንስ ደግሞ ከዚያ ቆሞ የሚያየው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ከጀበናውና ከቀጂዋ በቀር ሌላ አያሳየንም።

ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል። ዙም ሌንስ ሲመረጥ አስቀድሞ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ሌንሱ ወደ ሩቁ ቢያጥር ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መራመድ፣ ካልሆነም ፎቶግራፉን በኋላ ከዳርና ከዳር መቁረጥ ይቻላል። ወደ ሰፊው ቢያጥር ግን ግድግዳውን ገፍቶ ማፈግፈግ አይቻልም። ይህ ማለት ረዘም ያለው ጫፍ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሰውን ፊት በ24 ሚሊሜትር እንሙላ ብንል ከ40 ሳንቲሜትር ገደማ ልንጠጋ ነው፤ ከዚያ ርቀት አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። በ70 ሚሊሜትር ከ1 ሜትር ከ20፣ በ105 ሚሊሜትር ከ1 ሜትር ከ75 ያህል ብናነሣው ግን ፊቱ በመልኩ ይወጣል፤ ያም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሚጫወቱ ሰዎች ርቀት ነው። በእጅ ስልክ ዋና ሌንስ በጣም ተጠግተን የምናነሣቸው ፊቶች የሚበላሹትም ስልኩ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሌንሱ ሰፊ፣ እኛም ከመጠን በላይ ቅርብ ስለሆንን ነው።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ጉዳይ ብርሃን ነው። በየሌንሱ ላይ ከሚሊሜትሩ ጎን የሚጻፈው ኤፍ የተባለው ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ፣ ከኤፍ 5.6 ደግሞ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በበር ብቻ ብርሃን በሚገባበት ቤት ውስጥ በኤፍ 2.8 በሰከንድ አንድ ስልሳኛ የሚነሣ ፎቶግራፍ በኤፍ 5.6 አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ይጠይቃል። በዘመኑ ሌንሶችና ካሜራዎች ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ መከላከያ የፎቶ አንሺውን እጅ ያረጋጋል፤ ቡና የምትቀዳውን ሴት እጅ ግን አያረጋጋም። ፍላሽ ብናበራ ደግሞ የዕጣኑን ጢስና የከሰሉን ፍም ገድለን ነጭ ግድግዳ እናተርፋለን። እርግጥ ያለፉት ዓመታት ሴንሰሮች በጥቂት ብርሃን የሚሠሩት ሥራ ከቀድሞዎቹ እጅግ የተሻለ ስለሆነ፣ ኤፍ 4 ዛሬ ለብዙ ቤት ይበቃል። ኤፍ 5.6 ግን ሲመሽ ይከብዳል።

ወደ ትልቁ ፈተና ልምጣ፤ ሁሉን እሠራለሁ ወደሚለው ሌንስ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2005 አነስ ያለ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎቹ ከ18 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ አቀረበ። ታምሮንም በ2020 ለትልቁ ሴንሰር ከ28 እስከ 200 የሚሄድ፣ 575 ግራም ብቻ የሚመዝን ሌንስ አወጣ። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ አንድ ጉዞ ለሚጓዝና ሌንስ መቀያየር ለማይሻ ሰው ይበጃል። ዳሩ ግን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። የታምሮኑ ሌንስ በ28 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሆኖ ይጀምርና በ200 ላይ ኤፍ 5.6 ይሆናል፤ ሩቁን ሲያቀርብ የብርሃኑን ሦስት አራተኛ አሳልፎ ይሰጣል። 28 ላይ መጀመሩም ከላይ ያነሣናቸውን አያት ከዳር ያስቀራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በልማድ የሚመጣው ጉዳት ነው። ቀለበት በማዞር ሰው የሚቀርብ ከሆነ እግር መራመዱን ይተዋል፤ እግር ካልተራመደም አፍ ሰላምታ አይሰጥም።

ረጅም ሌንስ ተገቢ የሚሆንበት ስፍራ የለም ማለቴ አይደለም። የጥምቀት ዕለት ታቦት በካህናት ታጅቦ ሲሄድ ርቆ መቆም አክብሮት ነው፤ ተጋፍቶ ከካህናቱ መካከል የሚገባ ባለ አጭር ሌንስ ነውረኛ ነው። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ፣ የባሌን ቀይ ቀበሮ፣ በዛፍ ጫፍ ያለችን ወፍ ተጠግቶ ማነጋገር አይቻልም። ልጁ ከሜዳው ማዶ ኳስ ሲጫወት ማንሣት የሚፈልግ አባትም ሜዳ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ለእነዚህ ከ70 እስከ 200 ወይም እስከ 300 የሚሄድ ሌንስ ያስፈልጋል። ነገር ግን እነዚህ በዓመት ስንት ቀን ናቸው? ኤፍ 2.8 የሆኑት የ70-200 ሌንሶች አብዛኞቹ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ለጥቂት ቀን የሚያስፈልግ ዕቃ በውሰት ወይም በኪራይ ሊገኝ ይችላል፤ በየቀኑ በትከሻ ሊዞር ግን አይችልም። ከብዶ ቤት የሚቀር ሌንስ ደግሞ ያለ ሌንስ አይቆጠርም።

እንግዲህ ምርጫውን በግልጽ ላስቀምጥ። ትልቁ ሴንሰር ያለው ካሜራ ለያዘ ሰው ከ24 እስከ 70 የሚሄድ፣ ኤፍ 4 የሆነ፣ 500 ግራም ገደማ የሚመዝን ሌንስ ይበቃዋል፤ ለፊት ምስል የሚያደላ ከሆነ እስከ 105 የሚዘልቀውን፣ 700 ግራም ገደማ የሆነውን ይያዝ። አብዛኛው ሥራው በደብዛዛ ቤት ውስጥ የሆነ ኤፍ 2.8 የሆነውን 24-70 ይምረጥ፤ ብዙዎቹ ከ700 እስከ 950 ግራም እንደሚመዝኑና ዋጋቸውም እንደሚንር ግን ይወቅ። አነስተኛው ሴንሰር ያለው ካሜራ ለያዘው ደግሞ የምሥራች አለ። ከካሜራው ጋር የመጣው፣ 200 ግራም ገደማ የሚመዝነው የተናቀው 18-55 በትልቁ ሴንሰር ላይ ከ27 ወይም ከ29 እስከ 83 ወይም 88 ሚሊሜትር ከሚያይ ሌንስ ጋር እኩል ያያል። የሰላምታ ርቀት ሌንስ በእጁ ነው። ብርሃን ካነሰው በዚያው ልክ ኤፍ 2.8 የሆነ ይፈልግ፤ ሲግማ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው 18-50 ክብደቱ 290 ግራም ያህል ብቻ ነው።

የሚጠራጠር ሰው አዲስ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት የራሱን የቆዩ ፎቶግራፎች ይመርምር። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሣ ይመዘግባል። በመጀመሪያ ደጋግሞ ሊያያቸው የሚወዳቸውን ሃያ ወይም ሠላሳ ፎቶግራፎች ይለይ፤ ቁጥራቸውን ከዚያ በኋላ ያንብብ። ብዙዎቹ ከ24 እስከ 105 መካከል ሆነው ቢያገኛቸው አይደንቀኝም፤ ሰው የሚወዳቸው ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳቸው ሰዎች ያሉባቸው ናቸው፤ የምንወዳቸው ሰዎች ደግሞ ከ16 ሜትር ርቀት ላይ አይኖሩም።

ፎቶግራፍ ተነሺውን ብቻ የሚያሳይ ይመስለናል፤ አንሺው የቆመበትንም ይመዘግባል። የዛሬ ሃያ ዓመት አልበሙን የሚገልጥ ልጅ በተነሺው ዓይን ውስጥ ወይ ወደ አንሺው የተመለሰ ፈገግታ ያያል፣ ወይም የሚታይ መሆኑን ያላወቀ ሰው ያያል። ሌንስ ስንመርጥ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደምናወርሰው እየመረጥን ነው።